ብረት አይንካው

ፊቴን አይተው ፊታቸውን ያዞሩ ሰዎችን አልቀየምም። ከሁሉም ቀድሜ የተጸየፍኩት እኔ ነኝ። ድሮም ተጸያፊ ነኝ። ከሰው ብርጭቆ አልጠጣም። ሰርግ ቤት የሚሰጡኝን ሹካ በሶፍት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳልጠርግ ወደ አፌ አላስጠጋም። ሰው አጠገቤ አክታውን ሲተፋ ካየሁ ምሳዬን እተዋለሁ። ባለቤቴ «አንተ እኮ በሳሙና ተቦክተህ ነው የተጋገርከው» እያለች ትስቅብኛለች። እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ፣ ከሰውነቱም ሁሉ ፊቱን መርጦ፣ የሚያዥ ነገር በቀለበት።

ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለኝ። ቱቦላሬ እቆርጣለሁ፣ ላሜራ አጥፋለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ቀለም ቀብቼ አስረክባለሁ። ነገርየው የጀመረው በግራ በኩል፣ የዓይኔ ጥግ ከአፍንጫዬ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ምስር የምታህል ነበረች። ስታጠብ ትደማለች፣ ትደርቃለች፣ ቅርፊት ትሠራለች፣ ቅርፊቱ ይነሳና እንደገና ትደማለች። የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለኝ መስሎኝ ብዙም አላሰብኩባትም። እጄም ክንዴም ላይ የፍንጣሪ ጠባሳ ሞልቷል።

ባለቤቴ «ምች ነው» አለች። «ወጥ በልተህ አፍህን ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ወጥተህ ነው።» እኔ አፌን ሳልታጠብ ከማዕድ ተነስቼ አላውቅም፤ ብነግራትም አልሰማችኝም። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን ቁስሉ ላይ ጨመቀችው። በመጀመሪያው ሳምንት የዳነ መሰለ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ዳማከሴ ስሸት ከረምኩ። ሰፈሩ ውስጥ መድኃኒት የሌለው ሰው ጠፋ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ቀባበት አለ፣ አንዷ ማር፣ ባለሱቁ ጎረቤታችን ጥቁር አዝሙድ በዘይት፣ ዘመናዊ ነኝ የሚለው ደግሞ የጥርስ ሳሙና። ሁሉንም ቀባሁ፤ ቁስሉም ሁሉንም ተቀብሎ ወፈረ። ምስሯ ባቄላ አከለች። መሐሏ ሰርጉዶ ጠርዟ እንደቀለጠ ሰም ያብለጨልጭ ጀመር።

መሽተት እንደጀመረ ያወቅኩት በዝንቦቹ ነው። ቀለምና የተቃጠለ ብረት የሚሸት ቤት ዝንብ አይወደውም። አሁን ግን ብየዳው ጋብ ሲል ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ ከዚያ ሁሉ ቦታ እኔን መርጠው ያርፋሉ። በእጄ አባርራቸዋለሁ፣ ይመለሳሉ። ደንበኛ ፊት ቆሜ ስለ በር ቁመትና ወርድ ስናገር ፊቴን በጥፊ የምመታ እብድ መሰልኩ።

አንድ ቀን ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ብርድ የለም፣ ንፋስ የለም፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ከእኔ ነው የሸፈነችው። ቆሽቴ አረረ። «የማይተላለፍ ነው፣ እመቤት» ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ ይተላለፍ አይተላለፍ እኔስ በምን አውቄ? በዚያ ላይ እሷ ቦታ ብሆን እኔ ልጄን ይዤ እወርድ ነበር። ይህን ሳስብ የባሰ ተናደድኩ።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች፤ ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ሄዳ ማታ በሰልፍ ትመለሳለች። ድሮ ከትሪው የእኔን ጥግ ካልበላች የበላች የማይመስላት ልጅ ቀስ በቀስ «ቢሮ በልቻለሁ» ማለት ጀመረች። እናቷ ለብቻ ሰሃን አቀረበችላት፣ ቀጥሎም ለእኔ ለብቻዬ አቀረበችልኝ። እኔም «ለጤና ጥሩ ነው» ብዬ ብቻዬን በላሁ። የመጣው ሁሉ በዝምታ ነው የመጣው።

ታላቅ ወንድሜ ሰበታ ነው የሚኖረው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ አባት ሆኖኛል። «ጋሼ» ብዬ ነው የምጠራው፣ አንቱም እለዋለሁ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠና «ይሄ ነቀርሳ ነው፤ የሚያወጣው ሰው አውቃለሁ» አለ። በነጋታው ሱሉልታ ወሰደኝ።

መድኃኒት አዋቂው ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሰዉ ሁሉ ኦቦ እያለ ያከብረዋል። «አካም ጅርቱ?» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠን። ነጭ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሷል። ጋቢው ንጹሕ ስለነበር አመንኩት፤ ጥፍሮቹን ያየሁት ፊቴ ላይ ሲመጡ ነው። ከቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቁር ቅባት በዶሮ ላባ እየጠቀሰ ቁስሉን ሞላልኝ። በላባው ስንት ሰው ቀብቶበታል ብዬ ለመጠየቅ ፈልጌ ወንድሜን አፈርኩት።

«ሰባት ቀን ውሃ እንዳይነካህ» አለኝ ሽማግሌው። «ፀሐይም እንዳይነካህ። ከሁሉ በላይ ግን ሲቢላ፣ ሲቢላ! ብረት አይንካው። ነቀርሳ ብረት ከነካው ይቆጣል። ይበተናል። ሥሩን ይዞ ልብ ይገባል።»

«እኔ በያጅ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ነው የምነካው» አልኩት።

«የሐኪም ብረት ማለቱ ነው» አለ ወንድሜ በቁጣ። «አትጨቃጨቅ።»

መደርደሪያው ላይ የማርማላታ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። በየውስጣቸው፣ በደፈረሰ ፈሳሽ ላይ፣ ግራጫ ነገር ይንሳፈፋል። ሽማግሌው በኩራት እያነሳ አሳየኝ። «የወጣ ሥር ነው። ይሄ የጡት። ይሄ የከንፈር። ይቺን ደግሞ ከአንድ መምህር አንገት ነው ያወጣኋት።» ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ወንድሜ ግን ወደ ብርጭቆዎቹ ተጠግቶ አንድ በአንድ አያቸው።

ቅባቱ እሳት ነበር። በብየዳ ስንቴ ተቃጥያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ዓይኔ አብጦ ተዘጋ፤ በአራተኛው ቀን ሥጋው መሽተት ጀመረ። የሞተ አይጥ ሽታ ነው፤ የሚሸተውም ከአፍንጫዬ አጠገብ ነው። ከራስ ፊት የት ይሸሻል? ባለቤቴ ይቅርታ ጠይቃ ከልጃችን ጋር ተኛች። በሰባተኛው ቀን ሱሉልታ ተመለስን። ሽማግሌው የደረቀውን በእንጨት ቆንጥጦ ላጠው፤ ከሥሩ አንድ ጥቁር ብጣሽ ይዞ ወጣ። «ይሄውና ሥሩ!» ብሎ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረው። ወንድሜ አለቀሰ፣ እጁን ሳመው። የእኔም ፊት ቁራጭ ከመምህሩ አንገት ጎን ተቀመጠ። አሁንም እዚያው ሳይኖር አይቀርም።

ሁለት ወር ሳይሞላው ቁስሉ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ጉድጓድ ሆኖ መጣ፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ እየጎተተ ዓይኔን ያስለቅሰኝ ጀመር። የመስኮት ፍርግርግ ልታሠራ የመጣች አንዲት ነርስ ናት ነገሩን የቆረጠችው። ፊቷን አላዞረችም። እንዲያውም ተጠግታ፣ አገጬን ይዛ፣ ወደ ብርሃን አዞረችው። «ጋሼ፣ ይሄ ምች አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ፍርግርጉ ይቆያል» አለችኝ። እኔን ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜው መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን የነገረችኝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ልጄን የምታህል ናት። «የቆዳ ካንሰር ነው» አለች። ወደ ሌላ ሰውነት ሮጦ የሚሄድ ዓይነት አይደለም፤ ግን ያለበትን ቦታ እየበላ ይሄዳል። አሁን ወደ ዓይኔ እየሄደ ነው። ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ጉድጓዱን ከግንባሬ በሚገለበጥ ቆዳ ይሸፍኑታል።

«ብዙ ከቆየ ዓይኑንም አብረን ማውጣት ሊኖርብን ይችላል» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ «ብየዳ ሲሠሩ ፊትዎን በምን ይሸፍናሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በጥቁር መነጽር ነው። ሙሉ ጭምብሉ ላብ ይይዛል፤ የስንት ቀን ላብና ትንፋሽ የጠጣ ነገር ፊቴ ላይ ማድረግ ይቀፈኛል። ትንንሽ ብየዳ ሲሆንማ መነጽሩንም ትቼ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ወደ ቀኝ አዞራለሁ። የሰፈራችን በያጆች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ለእሳቱ ሁልጊዜ የምሰጠው ግራ ጉንጬን ነበር። ይህን ስነግራት ጻፈች። «ከዚህ ብቻ ነው ማለት አልችልም፤ ግን ሊያግዘው ይችላል» አለች።

«ብረት ከነካው ይበተናል ይላሉ» አልኳት።

አልሳቀችብኝም። «ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል። እንዲህ እያሉ ቆይተው መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ በሽታው ርቆ ሄዷል። ከዚያ ‹ብረት ነክቶት ሞተ› ይባላል።»

ቀጠሮ ተሰጠኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እተኛለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እቆረጣለሁ። «እንዳያልፍዎት። ካለፈ ተራው እንደገና ከመጨረሻ ነው የሚጀምረው፣ ወራት ይፈጃል። ዓይንዎ ደግሞ ወራት አይጠብቅም» አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ቡራዩ እስክደርስ ድረስ ለራሴ ደጋገምኩት።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ከሰበታ መጥቶ ጠበቀኝ። ሌላ ወሬ አለው። ልጄን የሚፈልግ ልጅ አለ፤ ወላጆቹ ሽማግሌ ሊልኩ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በሚቀጥለው እሑድ ነው። ደስ አለኝ። የእኔ እሑድ ከዚያ በኋላ ያለው ስለሆነ ሁለቱም ይደርሳሉ አልኩ። ወንድሜ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ብቀበላቸው ይሻላል» አለ።

«እኔስ?»

«አንተ መንገድ ሄደሃል እንላለን። ሰው ዘር ይጠይቃል፣ አጥንት ይቆጥራል። ይህን ፊት ይዘህ ብቅ ብትል ቁምጥና አለባቸው ይላሉ። ለልጅህ ብለህ ነው። ለአንድ ቀን።»

ባለቤቴ መሬት መሬት ታያለች። ልጄ ስልኳን ትነካካለች። ለልጅህ ብለህ ሲባል ምን ይባላል? እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበት አፌ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

እሑድ ጓዳ ገባሁ። የሽንኩርት ቅርጫት፣ የጄሪካን ተርታ፣ አንድ የእንጨት ዱካ፣ በላዩ እኔ። በሩን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ድምፅ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። እንደ ደንቡ «ተቀመጡ» ሲባሉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ወንድሜ ተቀበላቸው፤ ድምፁን እንደ አባታችን አወፈረው።

«የልጅቷ አባት የት አሉ?» አለ ትልቅየው ሽማግሌ።

«ተጂ ከተማ የበር ሥራ ይዞ ሄዷል። እኔ ታላቁ ነኝ፣ አባቷ ማለት ነኝ።»

ቁስሌ ያን ሰዓት ማሳከክ ጀመረ። አንዲት ዝንብ ከሽንኩርቱ ተነስታ መጣች። ላባርራት ፈራሁ፤ ዱካው ይጮሃል። ፊቴ ላይ አርፋ ስትራመድ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ በገዛ ቤቴ፣ በራሴ በር ሥር፣ ዝንብ እያበላሁ የልጄን መጠየቅ አዳመጥኩ።

ሽማግሌው «አባት እያለ አባት በሌለበት ልጅ አንጠይቅም» አለ። «ነውር ይሆንብናል። የዛሬ ሳምንት እሑድ ይመለሳሉ?»

«ይመለሳል» አለ ወንድሜ። «የዛሬ ሳምንት ኑ።»

ሄዱ። በሩ ተከፈተ። ወንድሜ የተሳካለት መስሎት እየሳቀ ገባ።

«የዛሬ ሳምንት እሑድ እኮ ሐኪም ቤት የምተኛበት ነው» አልኩት።

«ታዲያ ይለፍሃ! እንዲያውም እግዜር ነው ያመጣው። ብረት አይንካው ተብለህ ብረት ፍለጋ ትሄዳለህ እንዴ? በዚያን ቀን ትቀመጣለህ። ባርኔጣ ታደርጋለህ፣ መነጽር ታደርጋለህ፣ ቁስሉ ላይ ጨርቅ እንለጥፍበታለን፣ ብረት ወድቆብኝ ነው ትላለህ።»

ደሜ ፈላ። «ዓይኔ ሊወጣ ነው እያልኩህ!» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያልኩት ያን ቀን ነው። «ደብቁት ብሎ የነገረህስ ማን ነው? ሱሉልታ ድረስ ይዘኸኝ የዞርክ አንተ ይህን ከራስህ አላመጣኸውም!»

የወንድሜ ዓይን ወደ ልጄ ሄዶ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ» አለች።

በጓዳው በር ላይ ቆማለች። አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች ነው።

«ለአጎቴ ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። አንተን አፍሬ አይደለም። ቁስሉን ነው ያፈርኩት።»

«ቁስሉ የት ነው ያለው?» አልኳት።

አለቀሰች። እኔም አላባበልኳትም። ሰው ሲጸየፈኝ አልቀየምም ያልኩት ውሸት ነው፤ እሷን ተቀየምኩ። ወንድሜን ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፣ እሱ ይቀል ነበር። በዚህች ልጅ አፍ ግን የታኘከ ቂጣ በልቼ አውቃለሁ፣ ትውከቷን በእጄ ተቀብዬ አውቃለሁ። በሕይወቴ ያልተጸየፍኩት እሷን ብቻ ነው።

ያን ሳምንት በንዴት ሠራሁ። ናሙና ከወሰዱ ወዲህ ውጭ ስወጣ ቁስሉን እሸፍንበት የነበረውን የሐኪም ጨርቅ፣ ጎዙን፣ ጣልኩት። ይዩኝ አልኩ። ቡራዩን ከላይ እስከ ታች ፊቴን ገልጬ ዞርኩ። ሻይ ቤት መሐል ተቀመጥኩ፤ ከአጠገቤ ሲነሱ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ተጠጋሁ። ሰዉን በፊቴ መቅጣት ጀመርኩ። እሑድን አስመልክቶ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔም አልወሰንኩም ነበር። አንዳንዴ አልሄድም እላለሁ። ዓይኔ ይፍሰስና ሽማግሌዎቹ ፊት ሲፈስ ትየው፣ ልጄም ትፈር። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሐሳብ ነበር የማስበው፤ ከቁስሉ ይልቅ የሚሸተው እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ስታጠብ ጉድጓዱ ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ። መግል መሰለኝ። በጥጥ ልጠርገው ስል ተንቀሳቀሰ።

ትል ነው። በንዴቴ በከፈትኩት ቁስል ዝንቦቹ ገቡበት። ቧንቧውን ይዤ ቀረሁ። የሆዴ ሁሉ ወጣ፣ ከዚያም የሚወጣ ሳይኖር አስመለሰኝ። ሳልሞት መበላት የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ እኔ ደግሞ ማን ፊት ማን ይፈር እያልኩ ሒሳብ እይዛለሁ። ያቺን ትል በጥጥ አንስቼ ሽንት ቤት ጣልኳት። ከዚያ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

እሑድ ቀትር ላይ ወጣሁ። ወንድሜ ባርኔጣና መነጽር ይዞ ከሰበታ ሲገባ በር ላይ ተገናኘን። «ዛሬ ብረት ከነካህ እኔ ቀባሪህ አይደለሁም» አለኝ። «አትቅበሩኝ፣ ጋሼ» ብዬው አለፍኩ። አንቱ ተመልሷል፤ ሌላው ግን አልተመለሰም። ልጄ መስኮት ላይ ነበረች፤ አላየኋትም ብዬ ሄድኩ። አይቻታለሁ።

ሐኪም ቤት ቁስሉን ያጠበችው ነርስ ከውስጡ ሌላ ሦስት አወጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ለምንድን ነው ይቅርታ የሚጠይቁኝ?» አለችኝ። ማታ ባለቤቴ ደወለች። እያለቀሰች ስለነበር ታሪኩን ሁለት ጊዜ ነው ያስወራኋት። ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ። ወንድሜ «ተጂ ያለው ሥራ አላለቀለትም» ብሎ ጀመረ። ያን ጊዜ ልጄ ከጓዳ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጣች።

«አባቴ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ፊቱ ላይ ካንሰር አለበት። ባለፈው እሑድ እዚህ ጓዳ ውስጥ ነበር። ደብቁት ያልኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ትልቅየው ሽማግሌ ባርኔጣውን አደረገ። «አባትየው ሲነሳ እናያለን» ብሎ ሳይቀመጥ ወጣ። ሁለቱም ተከተሉት። ወንድሜም ከኋላቸው ወጥቶ ወደ ሰበታ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት አስገቡኝ። አላስተኙኝም፤ ፊቴን ብቻ አደነዘዙት። ዓይኔን ሸፈኑት እንጂ ጆሮዬና አፍንጫዬ ነበሩ። መቀሱ ይሰማኛል። ከዚያ ደም የሚያቆሙበት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር አለ፤ ጢስ ጢስ ሲል ሽታው መጣ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ የእኔ ሥራ ድምፅ ነው፤ የሚቃጠለው ግን ሥጋ ነው፣ ሥጋውም የእኔ ነው። «ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ፤ እየጨረስን ነው» አለች ሐኪሟ። ብረቱ ነካኝ፣ ቆረጠኝ፣ ሰፋኝ። የተበተነ ነገር አልነበረም። ከጊዜ በኋላ የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ የቀረ በሽታ የለም፣ ዓይኔም ተርፏል ብላ ነገረችኝ።

የተረፈው ፊት ግን! ከግንባሬ የተላጠው ቆዳ ሥሩ ሳይቆረጥ ተጠማዞ አፍንጫዬ ላይ ተሰፍቷል። በቅንድቤና በአፍንጫዬ መካከል እንደ ቋሊማ የተንጠለጠለ ሥጋ ነው፤ ሌላ ቀዶ ጥገና ተደርጎ እስኪቆረጥ ድረስ ሦስት ሳምንት እንዲሁ ይቆያል። ይደማል፣ ያዣል። ግንባሬ የተላጠበት ቦታ ክፍት ነው። ነርሷ የሰጠችኝን መስታወት መለስኩላት።

ቤት ከገባሁ በኋላ በየሁለት ቀኑ መታጠብ፣ ጎዙ መቀየር ነበረበት። ባለቤቴ ደም ካየች ትወድቃለች። ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ብዬ ስነሳ ልጄ ከፋርማሲ ጓንትና ጎዝ ይዛ ገባች። ከቢሮ ፈቃድ ወስዳለች። ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙም አላወራንም። ስለ ሽማግሌዎቹም አላነሳችም፤ አልተመለሱም ነበር።

«ቁጭ በል፣ አባዬ» አለችኝ።

ፋሻውን ፈታች። የመጀመሪያውን ጎዝ አነሳች፤ ከቋሊማው ሥር የረጋ ደምና ቢጫ ፈሳሽ አብሮ ተጎተተ። ፊቷን አየሁት። አፏ ጠበበ። ጓንቱን አውልቃ ወደ ግቢ ሮጠች። ቧንቧው ጋ ስታስመልስ ሰማኋት፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ።

ፊቴ እንደተከፈተ ተቀመጥኩ። አትመለስም አልኩ። እሷ ቦታ ብሆን እኔ አልመለስም ነበር፤ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

ተመለሰች። ፊቷ ርሷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሌላ ጓንት አጠለቀች።

«አስጠላኝ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ያስጠላኛል።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ተይው፣ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።»

«ዝም በልና ቀና በል። ሁለተኛው ጎዝ ተጣብቋል።»

ቀና አልኩላት።